የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የፊት ቁልፎችና መብራቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር እምቢ ሲል ሁላችንም የምናፈጠው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር ያለ አይመስለንም። ወይ ማብሪያውን ደጋግመን እንጫናለን፣ ወይ ሳጥኑን ተሸክመን ጥገና ቤት እንሄዳለን። ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ግን ፊቱ ላይ አንድ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉት። ስክሪኑ ምንም በማያሳይበት ሰዓትም ችግሩ የት አካባቢ እንደሆነ ይጠቁማሉ። ቁልፉን ሁለተኛ ከመጫናችሁ በፊት እነሱን ማየት ብዙ ጊዜ ከጉልበትም ከወጪም ያድናል።

ፊቱ ላይ ያሉት ነገሮች ምን ምንድን ናቸው?

ትልቁ ቁልፍ ማብሪያው ነው። ክብና ቋሚ መስመር ተስሎበታል። መስመሩ 1፣ ክቡ 0 ነው፤ በርቷልና ጠፍቷል ለማለት። አጠገቡ ወይም ራሱ ቁልፉ ውስጥ ያለችው የፓወር መብራት ናት። በሲሊንደር ምልክት የምትታወቀው ደግሞ የሃርድ ዲስክ መብራት ናት። ኬዙ (ባዶው ሳጥን) ለብቻው ተገዝቶ የተገጣጠመ ከሆነ ሪሴት የሚባል ትንሽ ቁልፍም አይጠፋውም። ከዚያ ውጪ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች፣ የማዳመጫና የማይክ ቀዳዳ፣ ቆየት ባሉት ላይ የዲቪዲ ማጫወቻ። በቃ ይኸው ነው።

ቁልፉን ስጫነው መብራትም የለም፣ ድምፅም የለም። ሞተ ማለት ነው?

ገና አልታወቀም። ምንም መብራት ከሌለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኤሌክትሪኩ ሳጥኑ ጋ ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ጀምሩ። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ማከፋፈያው፣ ቀጥሎ ስታብላይዘሩ ወይም ዩፒኤሱ። ሲበራ ወዲያው የማይለቅ ስታብላይዘር አለ፤ ትንሽ ጠብቆ ነው ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው። ሳይለቅ በፊት ማብሪያውን ብትቀጠቅጡት ምንም አይመጣም።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዙሩ። ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ብዙ ፓወር ሰፕላዮች (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብለው ለኮምፒውተሩ የሚያድሉት ክፍሎች) የራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። በአንድ በኩል መስመር፣ በሌላ በኩል ክብ። በክቡ በኩል ተጭኖ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከግድግዳ ተነቅሎ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ቢሮ ሲጸዳ፣ ጠረጴዛ ሲገፋ ይህች ማብሪያ ማንም ሳያያት ትጠፋለች። ገመዱንም ገፋ አድርጉት። የተሰካ የሚመስል፣ ግን በደንብ ያልገባ ገመድ ሞልቷል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ገመዱን ከሳጥኑ ነቅላችሁ የፊቱን ማብሪያ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፈዋል። አንዳንዴ በዚህ መሃል መብራቷ ለቅጽበት ብልጭ ትላለች፣ ወይም ፋኑ ትንሽ ገፋ ይላል። አትደንግጡ፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የተጠራቀመው ነው የሚወጣው። መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ኤሌክትሪክ ሲወዛወዝ ራሱን ለመጠበቅ ብሎ ቆልፎ የቀረ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ዕድል አላችሁ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ጀርባ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍና አረንጓዴ መብራት አለ። ገመዱ ተሰክቶ ቁልፏን ስትጫኑ መብራቷ ከበራች ፓወር ሰፕላዩ እየሠራ ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉት። ካልበራች ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ጥገና ቤት ሄዳችሁ «ማዘርቦርዱ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ስትባሉ ይህን አይቶ መሄድ ዋጋ አለው።

ማብሪያውን ተጭኖ በመያዝ ማጥፋት ኮምፒውተሩን ይጎዳዋል?

ዕቃውን ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው ሥራችሁን ነው። ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍ ይጠፋል። ዲስኩ ላይ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ ከነበረ ደግሞ በማግስቱ አልነሳም ሊል ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ማብሪያ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ማብሪያ አይደለም። ሁለት ቀጭን ሽቦዎችን ለቅጽበት የሚያገናኝ፣ ለማዘርቦርዱ «ተጠርተሃል» የሚል ደወል ነው። አንዴ ነካ ስታደርጉት ዊንዶውስ ጥሪውን ይቀበልና በሥርዓት ፕሮግራሞቹን ዘግቶ ይጠፋል፣ ወይም ስሊፕ ይገባል። የትኛውን እንደሚያደርግ ከዊንዶውስ የፓወር ማስተካከያ ውስጥ እናንተ ትመርጣላችሁ። ከ4 ሰከንድ በላይ ተጭናችሁ ከያዛችሁት ግን ዊንዶውስ አይጠየቅም፤ ማዘርቦርዱ ራሱ ይቆርጠዋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን አሠራር እስኪያመጣ ድረስ የፊቱ ቁልፍ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚቆርጥ፣ ቀጭ የሚል ወፍራም ማብሪያ ነበር። ዊንዶውስ 95 የያዘ ኮምፒውተር የነካችሁ ታስታውሳላችሁ። ሻት ዳውን ስትሉት ስክሪኑ ይጠቁርና «አሁን ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይቻላል» የሚል ብርቱካናማ ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ በእጅ ነበር የሚጠፋው።

እንግዲህ ተጭኖ መያዝ መቼ ይፈቀዳል? ማውሱ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ኮንትሮል አልት ዲሊት ሲጫኑ መልስ ሲጠፋ፣ የሃርድ ዲስኳ መብራትም ለደቂቃዎች ዝም ስትል። መብራቷ እየተንቀለቀለች ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ነው፤ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ።

የፓወር መብራቷ ቀስ ብላ ብልጭ ድርግም ትላለች። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ተኝቷል። ስሊፕ ማለት ይህ ነው። ኪቦርድ ነካ አድርጉ፣ ካልነቃ ማብሪያውን አንዴ ተጫኑ። ተጭናችሁ አትያዙት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስሊፕ ላይ የነበረው ሥራ ሁሉ የተቀመጠው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ነው፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ዶክመንት ከፍቶ ኮምፒውተሩን አስተኝቶ ወደ ቤት መሄድ ዕድልን መፈታተን ነው። ሃይበርኔት የሚባለው ይሻላል። እሱ ሥራውን ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ መብራቷም ትጠፋለች።

መብራቷ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሆና ደጋግማ ብልጭ ትላለች። ምን እያለች ነው?

ይህን ጥያቄ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልሰው፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። ፕሮሰሰር (ሥራውን የሚያሰላው ዋናው ቺፕ) አለ? ራም አለ? ምስል የሚያወጣ አለ? አንዱ ከጎደለ ስክሪን ላይ መጻፍ አይችልም፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ገና አልተጀመረም። ስለዚህ በመብራት ወይም በጢጥታ ይናገራል። ብልጭታው ዝም ብሎ የሚደጋገም ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን የሚቆጠር ነው። ጥቂት ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቪዲዮ ቅረጹትና ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ።

ቆየት ባሉ የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ቀይ መብራት 2 ጊዜ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሞቋል፤ ብዙ ጊዜ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ነው። 3 ጊዜ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አልተገኘም። 4 ጊዜ የፓወር ችግር ነው። 5 ጊዜ ራም ነው። ከብልጭታው ጋር እኩል ቁጥር ያለው ጢጥታ ይሰማል። አዳዲሶቹ ኤችፒዎች ደግሞ ረዘም ያለ ቀይና አጠር ያለ ነጭ እያፈራረቁ ያሳያሉ። 3 ቀይና 2 ነጭ ከሆነ ራም አካባቢ ፈልጉ።

ዴልም በሁለት ዙር ይቆጥራል። በቅርብ ዓመታት በወጡት ኦፕቲፕሌክሶች 2 ከዚያ 3 ማለት ራም አላየሁም ነው። 2 ከዚያ 1 ፕሮሰሰር ነው። 3 ከዚያ 1 ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ደክማለች ማለት ነው፤ ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ የሰዓት ባትሪ የሚሸጥ ሁሉ ጋ አለች። በጣም የቆዩት ዴሎች ደግሞ ፊታቸው ላይ ከ1 እስከ 4 ቁጥር የተጻፈባቸው አራት መብራቶች አሏቸው፤ የትኞቹ እንደበሩ ነው የሚነበበው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ስም አንብባችሁ የዚያኑ ሞዴል መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ እዩ።

መልሱ «ራም» ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገዛ ነገር የለም። ስፒናውን ንቀሉ። የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ፤ ከሰውነታችሁ ላይ ያለውን ስታቲክ ያወርደዋል። ራሙን የያዙትን የጎን ምላሶች ወደ ውጭ ስትገፏቸው ራሙ ብቅ ይላል። የታችኛው ጠርዝ ላይ በወርቅ የተቀቡ እግሮች ታያላችሁ። ደብዘዝ ብለው ከሆነ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀለል አድርጋችሁ እሹአቸው፣ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። መቀመጫውንም እንዲሁ። ከዚያ ጎድጓዳዋን ከመቀመጫው ጥርስ ጋር አገጣጥማችሁ ምላሶቹ ቀጭ እስኪሉ ድረስ በሁለት አውራ ጣት ወደ ታች ተጫኑ። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ አስነሱት፣ ከዚያ ሌላውን ብቻ። የትኛው እንደታመመ በዚያው ይለያል።

መብራቷ ነጭ ናት፣ ፋኑም ይዞራል፣ ግን ስክሪኑ ምስል የለውም።

መጀመሪያ የስክሪኑን የራሱን መብራት እዩ። ብርቱካናማ ከሆነች ወይም ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ስክሪኑ በርቷል፣ ግን ምስል አልደረሰውም። ስክሪኑን አጥፍቶ ማብራት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት አይደለም። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ አትሳቁ፣ በየቢሮው ያለ ነገር ነው።

ከዚያ ገመዱ የት እንደተሰካ ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ካለው ጀርባው ላይ ሁለት ቦታ የኤችዲኤምአይ ወይም የዲስፕሌይ ፖርት ቀዳዳ አለ። ከላይ ከዩኤስቢዎቹ ጋር ያለው የማዘርቦርዱ ነው፣ ከታች አግድም የተኛው የካርዱ ነው። ካርድ ካለ ስክሪኑ የካርዱ ላይ ነው መሰካት ያለበት። ተገጣጥመው ከሚሠሩት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ደግሞ ውስጣቸው ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስና ቡት የሚሉ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው። ክዳኑን ከፍታችሁ የትኛዋ በርታ እንደቀረች ስታዩ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ነው።

የሃርድ ዲስክ መብራቷ አታርፍም። ቫይረስ ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን ከሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት። መብራቷ የምትበራው ከዲስኩ ሲነበብ ወይም ሲጻፍበት ነው። ሲበራ ለጥቂት ደቂቃ መንቀልቀሏ ጤነኛ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ፣ አንቲቫይረስ ሲፈትሽም እንዲሁ።

ሥራ እየሠራችሁ ሁሌም ቀጥ ብላ የምትበራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራም አንሶታል። ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍታችሁ ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፤ ሁሉ ነገር ይጎተታል። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ዲስኩ መቶ በመቶ ሲል ታያላችሁ። መድኃኒቱ ራም መጨመር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ መግጠም። ላረጀ ኮምፒውተር አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ ኤስኤስዲ እላችኋለሁ።

አስጊው ሌላ ነው። መብራቷ በርታ ትቀራለች፣ ኮምፒውተሩ ለብዙ ሰከንድ ይደነዝዛል፣ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ እየሞተ ያለ ዲስክ ነው። አታስጠግኑ፣ አታጽዱ፣ ስካን አታድርጉ። መጀመሪያ ፎቶአችሁንና ዶክመንታችሁን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ።

መብራቷ ጭራሽ የማትበራ ከሆነና ኮምፒውተሩ ግን ደህና የሚሠራ ከሆነ አትጨነቁ። ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ ኤስኤስዲ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ከዚህች መብራት ጋር አይገናኝም።

ሪሴት የሚባለውን ቁልፍ አጣሁት። የት ነው?

ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ካለም ሥራው ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ኮምፒውተሩን ከመጀመሪያው ማስነሳት ነው። ዊንዶውስን አያማክርም፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ማብሪያውን ተጭኖ ከመያዝ አይተናነስም።

በነገራችን ላይ፣ «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር በዛሬ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ ሻት ዳውን ስትሉት የዊንዶውሱ ልብ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል፣ ጠዋት እሱው ይነሳል፤ ከነችግሩ። እንደ አዲስ እንዲጀምር ከፈለጋችሁ ሪስታርት በሉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ለምን?

ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ እንዲህ አድርግ ተብሎ ስለታዘዘ ነው። ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ፣ ኤችፒ ላይ አፍተር ፓወር ሎስ የሚል መስመር አለ። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወይም ወደነበረበት ይመለስ። ወደ ባዮስ ለመግባት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 1 ነው።

የእኔ ምክር፦ ቀንና ሌሊት መሥራት ያለበት ሰርቨር ወይም የካሜራ መቅጃ ካልሆነ «ጠፍቶ ይቆይ» አድርጉት። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም መጥቶ ወዲያው ተመልሶ ይሄዳል። በዚያ መሃል እየተነሳ እየወደቀ ያለ ኮምፒውተር ዕድሜው አይረዝምም።

ሻት ዳውን አድርጌው የማውሱ መብራት አልጠፋም። ኤሌክትሪክ ይበላል?

ትንሽ። ስፒናው እስካልተነቀለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የሆነ የተጠባባቂ መስመር ይሰጣል። ማብሪያውን ስትነኩ የሚሰማው በዚህ መስመር ነው፤ ማውሱም ከዚያው ይቀላውጣል። ባዮስ ውስጥ ኢአርፒ የሚል የኤሌክትሪክ ቁጠባ ምርጫ ካለ ብታበሩት ይቀንሳል። ክዳን ከፍታችሁ ልትነካኩ ስትሉ ግን ሻት ዳውን በቂ አይደለም። ንቀሉ።

ማብሪያው ተሰበረብኝ፣ ወይም ገብቶ ቀረ። ኬዝ ልቀይር?

አትቀይሩ። ገብቶ የቀረ ከሆነ አቧራና ላብ ነው፤ የፊቱን ፕላስቲክ አውልቆ በብሩሽ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ገብቶ የቀረ ቁልፍ ሌላም ጣጣ አለው። ኮምፒውተሩ በርቶ ከ4 ሰከንድ በኋላ እየጠፋ ያስቸግራል፤ ተጭናችሁ የያዛችሁት ይመስለዋላ።

ከነጭራሹ ተሰብሮ ከሆነና ሪሴት ቁልፍ ካላችሁ መፍትሔው ነጻ ነው። ሁለቱም ቁልፎች ውስጣቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ፓወር ኤስደብልዩ የሚለውን ሽቦ አውጥታችሁ በቦታው የሪሴቱን ሽቦ ሰኩ። ከዚያ በኋላ ሪሴቱ ማብሪያ ሆነ። ብዙ የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተሮች ዕድሜያቸውን ያራዘሙት በዚህ ነው።

ኬዙን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ መብራቶቹ አይበሩም።

ብዙ ጊዜ ሽቦው ተገልብጦ ነው። የፊት ሽቦዎች የሚሰኩት ማዘርቦርዱ ታችኛ ጥግ ላይ፣ በሁለት ረድፍ በቆሙ 9 ፒኖች ላይ ነው። በተለመደው አሠራር በአንዱ ረድፍ የሃርድ ዲስክ መብራት ሁለት ፒን፣ ቀጥሎ ሪሴት ሁለት ፒን አለ። በሌላው ረድፍ የፓወር መብራት ሁለት፣ ቀጥሎ ማብሪያው ሁለት። በመጨረሻ አንድ ብቻውን የቆመ ፒን ይቀራል፤ እሱ ላይ ምንም አይሰካም።

ማብሪያና ሪሴት በየትኛውም ፊት ቢሰኩ ይሠራሉ። መብራቶች ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው። ባለቀለሙ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ወይም ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ተገልብጦ ቢሰካ አይቃጠልም፣ ዝም ይላል እንጂ። አዙራችሁ ሰኩት። ጠጋኞች ማብሪያውን ለመሞከር የማብሪያውን ሁለት ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለቅጽበት ሲያገናኙ ታያላችሁ። ይሠራል፣ ግን ከእነዚያ ሁለቱ ውጪ አትንኩ፤ ብቻውን የቆመው ፒን ቀጥታ 5 ቮልት ሊኖረው ይችላል።

የፊቱ ዩኤስቢ ፍላሽ አያነብም፣ ማዳመጫውም ዝም ይላል።

የኋላው እየሠራ የፊቱ ብቻ እምቢ ካለ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ወልቋል፣ ወይም ቀዳዳው ተበልቷል። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ነው፤ ትልቅ ፊልም የምትቀዱ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። ጥቁሩ ከሱ በብዙ እጥፍ ይዘገያል፤ ለማውስና ለፕሪንተር ግን ይበቃል። ማዳመጫና ማይክ አንድ ላይ የተሳሉበት ቀዳዳ ለስልክ ማዳመጫ የተሠራ ነው፤ ማይኩም አብሮ ይሠራል።

የኬዙን ብረት ስነካ ይነዝረኛል። ችግሩ ከቁልፉ ነው?

ከቁልፉ አይደለም። ከሶኬቱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ እነሱ የሚያፈሱት ጥቂት ኤሌክትሪክ በመሬት ሽቦው በኩል እንዲወርድ ነው የተሠራው። ቤቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ ወይም የስፒናው ሦስተኛ እግር ሶኬቱ አልቀበል ብሎ ከተቆረጠ፣ ያ ኤሌክትሪክ ኬዙ ላይ ይቀራል። በ220 ቮልት መስመር ላይ ኬዙ እስከ 110 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊገኝ ይችላል። መጠኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ባዶ እግር ስትሆኑ ጠዝ ከማድረግ አያልፍም። ግን ፍላሽና ካሜራ ስትሰኩ ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የመሬት ሽቦ አስገቡ። ንዝረቱ ጠንካራ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስፒናውን ንቀሉ፣ እስኪታይ ድረስ አትንኩት።

ዘመድ ከአሜሪካ ኮምፒውተር አመጣልኝ። ዝም ብዬ ልሰካው?

መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ቆየት ባሉ ፓወር ሰፕላዮች ላይ በካቻቪቴ የምትገፋ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለች፤ 115 ወይም 230 የሚል ይታይባታል። አሜሪካ ውስጥ 115 ላይ ነው የምትቀመጠው። በዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት ላይ ብትሰኩት አንድ «ጧ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የተቃጠለ ሽታ ይከተላል፣ ያ ፓወር ሰፕላይ አለቀ። ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 ግፉት። ማንሸራተቻ ከሌለውና ሌብሉ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ራሱ ይለያል፤ የስፒና መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቱርቦ የሚል ቁልፍና ቁጥር የሚያሳይ መስኮት አየሁ። ምንድን ነው?

386 እና 486 የሚባሉት የድሮ ፕሮሰሰሮች ዘመን ቅርስ ነው። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርዝ ነበር የሚሠራው፣ በዚያ ፍጥነት የተለኩ ጌሞች በፈጣኑ ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት በማይቻል ፍጥነት ይሮጡ ነበር። ቁልፉ ኮምፒውተሩን ዝግ ለማድረግ ነበር የገባው። መስኮቷ የምታሳየው ቁጥር ደግሞ አይለካም፤ ሻጩ ጃምፐር በሚባሉ ትንንሽ መሰኪያዎች የፈለገውን ቁጥር ይሰጣት ነበር።

ሌሊት መብራቷ እንቅልፍ ትነሳኛለች። ላጥፋት?

አጥፏት። የፓወር መብራቷን ሽቦ ከፒኑ ብትነቅሉት ኮምፒውተሩ ምንም አይሆንም። ኬዝ መክፈት ካልፈለጋችሁ ጥቁር ናስትሮ ለጥፉባት፣ የአየር መግቢያውን ብቻ እንዳትሸፍኑ። በቀለም የሚያሸበርቅ ኬዝ ከሆነ ፊቱ ላይ ያለው ትንሽ ቁልፍ ሪሴት ሳይሆን የቀለሙ መቀየሪያ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ላይ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያጠፋዋል። ሪሴት ነው ወይስ የቀለም የሚለውን ግን ያልተቀመጠ ሥራ ከፍታችሁ አትሞክሩት።